የዊልፍ ሱግደን ሰማንያ ስምንት

ሊድስ ውስጥ በጋ ማለት ዝናቡ ሞቅ የሚልበት ጊዜ ማለት ነው። ዊልፍ ሱግደን በዚህ አየር ተወልዶ፣ በዚህ አየር አድጎ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚሁ አየር ክሪኬት ሲጫወት ኖሯል። በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ከዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀሐይ አድርቆ ባጠነከረው መሬት ላይ፣ ሁለት ሹራብ ሳይደራርብ፣ አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ መምታት። እንዲህ ያለው መሬት የሚገኘው አውስትራሊያ ነው። የእንግሊዝን ቡድን ወደ አውስትራሊያ የሚወስደው መርከብ በመስከረም ይነሳል፤ የሚሳፈሩት ሰዎች ስም ከዚያ በፊት አንድ እሑድ ቀን በሬዲዮ ይነበባል። ዊልፍ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ሬዲዮው ሥር ቁጭ ብሎ ጠብቆ ስሙ ሳይጠራ ቀርቷል። ሦስተኛው ዕድል የመጨረሻው መሆኑን ጉልበቶቹ በየማለዳው ይነግሩታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ ስኳር ገና በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ የእንግሊዝ ቡድን አንድ ቡድን ይባል እንጂ ሁለት ነበር። ጌቶች አሉ፤ ደሞዝተኞች አሉ። ጌቶቹ ለጨዋታው ፍቅር ሲሉ ያለ ክፍያ ስለሚጫወቱ ፎቅ ላይ ባለው ሰፊ ክፍል ይለብሳሉ፣ በመሃለኛው በር ወደ ሜዳ ይገባሉ፣ ስማቸውም "ሚስተር" ተብሎ ይጠራል። ደሞዝተኞቹ ግን ሥራቸውን ስለሚችሉት ብቻ የመጡ ናቸውና ከታች ከወጥ ቤቱ አጠገብ በምትገኝ ክፍል ለብሰው በጎን በር ይወጣሉ፤ ስማቸውም ባዶውን ይጠራል። አምበል መሆን የሚችለው ጌታ ብቻ ነው። መምታት ቢችል ደግ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም።

የዚያ ዓመት አምበል ሚስተር ጁልያን አስኮም ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ካምብሪጅ የተማሩ፣ ቁመተ ሎጋ፣ አንገታቸው ላይ የሐር ስካርፍ የማይለያቸው፣ የሚመሯቸውን ሰዎች ስም አጥርቶ ለመያዝ ሁለት ወር የፈጀባቸው ሰው። በግንቦት ወር ደሞዝተኞቹን ሰብስበው ስለ ጨዋነት ንግግር አድርገውላቸው ነበር።

"ኳሷ መምቻችሁን ነክታ ከተቀለበች" አሉ፣ "ዳኛው ሰማም አልሰማም፣ አየም አላየም፣ ራሳችሁ ትወጣላችሁ። ጨዋ ሰው ዳኛ አይጠብቅም። ነክቶ የቆመ ሰው ከኔ ጋር መርከብ አይሳፈርም።"

ንግግሩ በጣም ቆንጆ ነበር። ሁሉም አጨበጨቡ። በሳምንቱ አምበሉ ራሳቸው ለንደን ላይ፣ ከመቺው ኋላ ከተተከሉት እንጨቶች ጀርባ እስከቆመው ቀላቢ ድረስ በተሰማ ጮክ ያለ ድምፅ ነክተው፣ ዳኛው ውጣ ለማለት ጣቱን እስኪያነሳ ድረስ ጫማቸውን ሲያስሩ ቆይተዋል። መቺዎች ሁለት ሆነው በሁለት ጫፍ ስለሚቆሙ ዊልፍ ይህን ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ አይቶታል። አፉን ግን አልከፈተም፤ የመርከቡን ስም ዝርዝር የሚያወጡት መራጮች የሚሰሙት አምበሉን ነው።

ወደ ሊድሱ ጨዋታ እንምጣ። አውስትራሊያኖችን የገጠሙበት ነው። ሚስተር አስኮም ከጨዋታው በፊት የሜዳውን ጠባቂ ጠርተው በመሃል ያለው መሬት ሣሩ እንዳይታጨድ አዘዙ፤ ፈጣን ወርዋሪ ስላለን ያግዘናል ነው ሐሳቡ። የክሪኬት ኳስ መሃሏ ላይ ወጣ ያለ ስፌት አላት። ያ ስፌት እርጥብ ሣር ላይ ሲያርፍ ኳሷ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ ወይም ወደ ግራ፣ ወይም ቀጥ ብላ ትመጣለች፤ የትኛው እንደሚሆን ወርዋሪው ራሱ አያውቅም። አምበሉ ያላሰቡት አንድ ነገር ቢኖር አውስትራሊያኖቹም ወርዋሪ ይዘው መምጣታቸውን ነው። ለዚያውም ድራሞንድ የሚባል፣ ክንዱ የበር መቃን የሚያህል ሰውዬ።

ጨዋታው ቀናት የሚፈጅ ነው። በአራተኛው ቀን ሌሊቱን ዝናብ ሲያጠጣው ያደረ መሬት እንደ ጎመን መደብ አረንጓዴ ሆኖ ነጋ። እንግሊዞች ለማሸነፍ መቶ ሰባ አንድ ነጥብ ይፈልጋሉ። ዐሥር ሰው ከወጣባቸው አለቀ። ዳመናው ከኮረብታው ወርዶ ጣሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የሊድስ ሰው ሁሉ ሳንድዊቹን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሊናደድ ተዘጋጅቶ መጥቷል።

ዊልፍ የመጀመሪያው መቺ ሆኖ ገባ። በዚያ ቀን ያደረገውን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው አለማድረግ ነበር። ሌሎቹ ኳሷን አሳደው ይመቱ ነበር፤ እሱ እስክትደርስበት ይጠብቃል። ኳሷ ስትታጠፍ አይከተላትም፤ መምቻውን ባስቀመጠበት ያቆየዋል፣ ካለፈችው አለፈችው። ወደ እሱ ከመጣች መምቻውን ከደረቱ ጋር አጣብቆ፣ እጁን አላልቶ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ እግሩ ሥር ያሳርፋታል። በመጀመሪያው ሰዓት ያስቆጠረው ሰባት ነጥብ ነው። ሁለት ጊዜ ጎድኑን፣ አንድ ጊዜ አውራ ጣቱን ተመታ። ድራሞንድ ሃያ ጊዜ አሳልፎበት ሃያ ጊዜ ወደ ሰማይ አየ።

"አንተ ሽማግሌ" አለው በመጨረሻ፣ አጠገቡ ድረስ መጥቶ፣ "የያዝከው ዱላ ለጌጥ ነው?"

"ሚስቴ ናት ያስያዘችኝ" አለ ዊልፍ። "ባዶ እጅህን አትሂድ ብላ።"

በወዲያኛው ጫፍ ግን ሰው አይበረክትም። አንዱ ገብቶ ሁለት ኳስ አይቶ ይወጣል፤ ሌላው ገብቶ አንድም ሳያይ ይወጣል። ፎቅ ላይ ያሉት ጌቶች ወይን ጠጃቸውን አስቀመጡ። ሚስተር አስኮም ስድስተኛ ሆነው ሊገቡ ነበር የተመዘገቡት። አራተኛው ሰው ሲወጣ ግን መሬቱን በመነጽር አይተው፣ "ሌላ ሰው ይቅደም፤ እኔ ሁኔታው ሲረጋጋ እገባለሁ" አሉ። ሰባተኛው ቀደመ። አልተረጋጋም። ስምንተኛውም ቀደመ። ምሳ ተበላ። ዘጠነኛውም ዐሥረኛውም ዐሥራ አንደኛውም ቀደሙ። እንዲህ እንዲህ እያለ የእንግሊዝ አምበል ሁኔታው እስኪረጋጋ ሲጠብቁ፣ ዘጠኝ ሰው ወጥቶ፣ የቀሩት እሳቸው ብቻ ሆኑ። ሠላሳ ሁለት ነጥብ ይጎድላል። የሐር ስካርፋቸውን አስተካክለው በመሃለኛው በር ብቅ አሉ።

"ሱግደን" አሉት ሜዳው መሃል ሲገናኙ፣ "እስካሁን ተንቀራፈህ ተጫውተሃል። ትንሽ ደፈር በል።"

"እሺ ጌታዬ።"

"መሬቱ ምን ይመስላል?"

"ሣሩ ትንሽ በዝቷል ጌታዬ" አለ ዊልፍ። "ማን እንዳዘዘው እንጃ።"

ሚስተር አስኮም ጆሮ እንደሌለው ሰው አለፉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዕለቱ የነበረ ሰው እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲያወራው ኖሯል። ወርዋሪ ስድስት ኳስ ወርውሮ ሲጨርስ ውርወራው ወደ ሌላው ጫፍ ይዞራልና፣ ዊልፍ በየስድስተኛው ኳስ አንድ ነጥብ ሮጦ፣ ከአምበሉ ጋር ጫፍ ተለዋውጦ፣ ራሱን ከድራሞንድ ፊት ያቆማል፤ አምበሉንም ከድራሞንድ ያርቃል። አንድን ልጅ ከመኪና መንገድ እንደማራቅ ያለ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ልጁ በየመሃሉ "ፈጠን በል ሱግደን" ማለቱ ነው። በመሃል ደግሞ ይመታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አስቀምጧቸው የነበሩ ምቶች አንድ በአንድ ወጡ። ድራሞንድ አጭር ሲጥል በጀርባ እግሩ ቆሞ ወደ ጎን ይቆርጣታል፤ ሲያስረዝም ደግሞ ወደ ፊት ተደግፎ በቀላቢዎቹ መሃል ይሰዳታል። ሰባ ገባ፣ ሰማንያ ገባ። ያ ሊናደድ የመጣ ሕዝብ መናደዱን ረሳ። ሚስተር አስኮም በበኩላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ባነሱት መምቻ ጠርዝ ሁለት ነጥብ አገኙ፤ ፎቅ ላይ ረጅም ጭብጨባ ተሰማ።

ሦስት ነጥብ ቀረ። ዊልፍ ሰማንያ ስምንት ላይ ነው።

ድራሞንድ ከረጅም ርቀት ሮጦ መጣ። ኳሷ መሬት ነክታ ወደ ውጭ ታጠፈች፤ ዊልፍ እንደ ሁልጊዜው መምቻውን ባለበት አቆየው፤ አለፈችውና ቀላቢው እጅ ገባች። ድራሞንድ ሃያ አንደኛ ጊዜ ወደ ሰማይ አየ። ሕዝቡ በእፎይታ ጮኸ። ቀላቢው ብቻ፣ ሳይጠይቅ ላለማለፍ ያህል፣ ወጥቷል ወይ ለማለት "እንዴት ነው?" ብሎ ወደ ዳኛው ዞረ።

ዳኛው ጆ ባተርስቢ ነው። የድሮ ደሞዝተኛ ነበር፤ ከጦርነቱ የመድፍ ጩኸት ወዲህ ጆሮው ለጌጥ ነው የቀረው። ራሱን ነቀነቀ። "አልወጣም" አለ።

ኳሷ ግን ነክታ ነበር። የወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ድምፅ አልነበረውም። ዊልፍ በቀኝ እጁ ትንሽ ጣት ላይ ተሰማው፤ ከእሱ በቀር በዚያ ሜዳ ላይ ያለ አንድም ሰው አላወቀም።

እዚህ ላይ ዊልፍ ስለ ጨዋነት አሰበ ብል ውሸታም እሆናለሁ። የግንቦቱ ንግግር ትዝም አላለው። ያሰበው ስለ መርከቡ ነው፤ ስለ ፀሐዩ፤ ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ ቢያሸንፍ ስሙን ማንም ሊዘለው እንደማይችል። እንደ ማንኛውም ሰው ጠፍጣፋ መሬት ላይ፣ በደህና ቀን፣ ነክቶ ዝም ያለበት ጊዜ ነበር፤ ሁለት ሦስቴ። ዛሬ ግን ሆዱ እምቢ አለው። ከጧት ጀምሮ በዚያ ክፉ መሬት ላይ ያገኛቸው ሰማንያ ስምንቱም አንድ በአንድ የራሱ ነበሩ። ቀላቢ የሳተለት ስህተት የለባቸውም፣ የዳኛ ምሕረት የለባቸውም። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም፤ ዳግመኛም እንደማይጫወት ያውቃል። ሰማንያ ዘጠነኛው ከመጣ የሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ያን ደግሞ ከእነዚህ ጋር ሊደባልቀው አልቻለም።

መምቻውን ብብቱ ሥር አድርጎ መውጣት ጀመረ።

"ሱግደን" አሉ ሚስተር አስኮም ከወዲያኛው ጫፍ እየሮጡ። "ወዴት ነው?"

"ነክቻታለሁ ጌታዬ።"

"ዳኛው አልወጣም ብሏል።"

"ዳኛው አይሰማም ጌታዬ። ጆ ባተርስቢን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ።"

"ሦስት ነጥብ ነው የቀረን። አልነካህም፤ እኔ አይቻለሁ። ተመለስ፤ ትእዛዝ ነው።"

ጆ ባተርስቢ በበኩሉ ግራ ተጋብቶ ቀረበ። "ዊልፍ፣ አልወጣህም እኮ ብያለሁ" አለ።

"አውቃለሁ ጆ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም" አለ ዊልፍ፣ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። "የኔ ነው።"

እንግሊዝ በሁለት ነጥብ ተሸነፈች። አውስትራሊያኖቹ መጮህ ሲገባቸው አልጮሁም። ድራሞንድ ቆቡን አውልቆ ዊልፍ እስኪያልፍ ድረስ ጠበቀ። ዊልፍ በጎን በር፣ የድንች ልጣጭ ባልዲዎቹን አልፎ፣ ወደ ክፍሉ ገባ። በመሃለኛው በር ላይ የሜዳው ክለብ አባላት ብድግ ብለው ያጨበጭቡ ነበር። በዚያ በር የገቡት ሚስተር አስኮም ናቸውና ጭብጨባውን በእጃቸው ምልክት አድርገው ተቀበሉ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምበሉ ወደ ደሞዝተኞቹ ክፍል ወረዱ። በዚያ ዓመት ደፉን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ዊልፍ ጣቱን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ተቀምጧል።

"ምን ነክቶህ ነው?" አሉት።

"በግንቦት ያሉንን ነው ያደረግሁት ጌታዬ።" በእርግጥ ያ አልነበረም ምክንያቱ፤ ግን እውነተኛውን ለእሳቸው ማስረዳት አልፈለገም።

"በግንቦት ያልኩት በጠቅላላው ነው" አሉ ሚስተር አስኮም፣ ፊታቸው ቀልቶ። "ይኼ ግን አውስትራሊያ ነው። ሦስት ነጥብ ነው። ሰው ማመዛዘን አለበት። ነገ ጋዜጣው እኔን ነው የሚቀብረኝ፤ አንተን ማን ያውቅሃል?"

"እሱስ እውነት ነው ጌታዬ" አለ ዊልፍ።

በማግስቱ ግን ጋዜጦቹ አምበሉን አልቀበሩም። ጭራሽ ካባ ደረቡላቸው። ዳኛ አልወጣህም ያለው ሰው ራሱ ወጥቶ አገሩን ማሸነፍ ያሳጣበት ምክንያት ሲመረመር፣ እንዲህ ያለ ጨዋነት ደሞዝተኛ ልብ ውስጥ በራሱ ሊበቅል እንደማይችል ሁሉም ተስማማ። የዘራው ሰው መኖር አለበት። የግንቦቱ ንግግር ተፈልጎ ወጣ፤ ተጠርዞ ታተመ። "ተጫዋቾቹን እንዲህ የቀረጸ አምበል" የሚል ርእስ ተሰጠው። ሰኞ ዕለት ከአምበልነታቸው ሊወርዱ ጫፍ ላይ ደርሰው ለነበሩት ሚስተር አስኮም፣ ዐርብ ዕለት ለንደን ላይ የክብር እራት ተዘጋጀላቸው። እሳቸውም ተነሥተው፣ "ሱግደን እንዲወጣ በዓይኔ ምልክት የሰጠሁት እኔ ነኝ ማለት አልፈልግም" አሉ። ስላልፈለጉ ሁሉም አመናቸው።

ዊልፍ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ጋዜጦቹ ስለ እሱም ትንሽ ጽፈዋል። ደግሞስ እንደዚያ ቀን ያለ ጨዋታ ማን ይረሳል? በመንገድ ላይ የማያውቁት ሰዎች ኮፍያቸውን ያነሱለት ጀመር። ሥጋ ሻጩ እንኳ፣ በዚያ የኩፖን ዘመን፣ ለሂልዳ አንዲት ቋሊማ ጨምሮላታል፤ ሂልዳ የዊልፍ ሚስት ናት። ከሊድስ በኋላም ሁለት ጨዋታ ሳይከፋ ሳያምር ተጫወተ። ያ እሑድ ቀን እስኪደርስ በየሌሊቱ ፀሐይ በሕልሙ ያይ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ባልና ሚስት ሬዲዮው ሥር ተቀመጡ። አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገ። በመጀመሪያ "አምበል፣ ሚስተር ጁልያን አስኮም" አለ። ከዚያ ሌሎቹን ጌቶች ጠራ። ከዚያ ደሞዝተኞቹን በፊደል ተራ ጀመረ። ዊልፍ በስሙ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ያውቃቸዋልና በልቡ ቀድሞ ይጠራቸው ነበር። አንባቢው ከእሱ በፊት መጠራት ያለበትን ጠራ፤ ከእሱ በኋላ መጠራት ያለበትንም ጠራ። በመሃል ላይ ምንም አልነበረም።

ከዝርዝሩ በኋላ አንዱ መራጭ፣ ድምፁ ቅቤ የጠጣ ሽማግሌ፣ ማብራሪያ ሰጠ። "ስለ ሱግደን ብዙ ሰው ጠይቆናል" አለ። "ሊድስ ላይ ያደረገውን ሁላችንም አይተናል። ከአምበላችን ጋርም በሰፊው ተመካክረንበታል። እንደዚያ ባለ እርጥብና ሣራም መሬት ላይ ሱግደንን የሚስተካከል የለም። አውስትራሊያ ግን መሬቱ ደረቅ፣ ፀሐዩም ብሩህ ነው። እንዲህ ያለውን የክፉ መሬት ሰው ወደ ጥሩ መሬት መውሰድ ችሎታውን ማባከን ይሆናል። አገሩ ላይ ያስፈልገናል።"

ሂልዳ ሬዲዮውን አጠፋችው። ውጪ ዝናቡ እንደ ልማዱ መስኮቱን ይነካካል።

"ዊልፍ" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠይቃው አታውቅም ነበር። "እውነት ነክተሃት ነበር?"

"ነክቻት ነበር።"

"ማንም አልሰማም?"

"ማንም።"

"ዳኛው አልወጣህም ብሎህ፤ አምበልህ ቁም ብሎህ።"

"አዎ።"

"እና አንተ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋትህን ይዘህ ወጣህ። ሰውዬ፣ እኔ ላንተ ስጸልይ የኖርኩት ለዚህ ነው?" ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ንዴት ይሁን ኀዘን እሷም አልለየችውም። "ዛሬ ቢሆንስ? ይህን ሁሉ ሰምተህ፣ እንደገና እዚያው ቦታ ብትቆምስ?"

ዊልፍ "እቆም ነበር" ብሎ ሊዋሽ ፈለገ፤ ለእሷ ሲል። ተጸጽቶ ነበር። ገና ጎን በሩ ሳይደርስ ነው መጸጸት የጀመረው፤ ከዚያም ወዲህ አንድ ቀን አላረፈም።

"እወጣ ነበር" አለ። "እሱ ነው የሚገለኝ ሂልዳ። አሁንም እወጣ ነበር።"

ከዚያ ያ ሁሉ የድራሞንድ ኳስ ጎድኑን ሲደበድበው ፊቱን ያላጨማደደ ሰው አለቀሰ። ሂልዳ ወንበሯን ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች።